ያልተከፈለ ብድር ስምን ተከትሎ ይሄዳል
(የማኅበሩ ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ጉዳይ ብድር ነው። ስለ ብድር ማውራት ደስ አይልም፤ ብዙዎቻችን ስላለብን። ነገር ግን ከጥቂት ወራት ወዲህ ወደ ጽሕፈት ቤታችን የሚመጣው ሰው ጥያቄው አንድ ሆነ። «ባንክ ከለከለኝ፤ ጥሩ ሰው ነው ብላችሁ ጻፉልኝ» ይላል። እኛም እንጽፋለን። ደብዳቤው ግን አይሠራም። ባንኩ የሚያየው ሌላ ወረቀት ስለ ሆነ ነው።

ድሮ ዱቤ የሚጻፈው በባለሱቁ ደብተር ላይ ነበር። ዘይትና ስኳር ወስዶ የጠፋ ሰው እዚህ ስሙ ይጠፋል እንጂ ኮተቤ ቢገባ ማን ያውቅበታል? አሁን ግን ደብተሩ ብሔራዊ ባንክ ገብቷል። ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ስለ ተበዳሪዎቻቸው ያላቸውን መረጃ ለብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ይሰጣሉ። አዲስ ብድር ስትጠይቁ ያኛው ባንክ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው። ስንት ወሰደ፣ ስንት ቀረበት፣ በቀኑ ይከፍላል ወይ? ሰፈር መቀየር፣ ባንክ መቀየር ምንም አይጠቅምም። የዕቁብና የባለሱቅ ዕዳ እዚያ አይገባም፤ እሱን እዚሁ እርስ በርሳችን እንጨርሰው።

ባንክ ዘንድ 90 ቀን ያለፈው ዕዳ የተበላሸ ብድር ይባላል። እስከዚያ ድረስ ግን በር አለ። ሥራ የቆመበት፣ የታመመ ሰው ስልኩን ዘግቶ ከመደበቅ ቀኑ ሳይደርስ ሄዶ «የመክፈያ ጊዜ ይራዘምልኝ» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ። የተደበቀ ሰው ወለዱም ቅጣቱም ሲቆጠርበት ይቆያል። ቤት አስይዞ ከሆነማ የባሰ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ የሰው ዕዳ። አንዲት እንጀራ ጋግራ የምታድር እኅታችን ከአራት ሴቶች ጋር በቡድን ተበድራ የራሷን አንድ ቀን ሳታሳልፍ ከፈለች። አንዷ ጠፋች። አሁን ሁለተኛ ብድር ስትጠይቅ «የቡድንሽ ሳይዘጋ አይሆንም» ተባለች። ምጣድ ልትጨምር አስባ ነበር። ጥፋቱ የእሷ ነው ለማለት አፌ አይደፍርም፤ ያስፈረማትም ሠራተኛ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ከማለት በቀር አላስረዳትም። ስለዚህ ዋስ የምትሆኑ ሁሉ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 የዋስትና ውል ከፍተኛው ገንዘብ ካልተጻፈበት አይጸናም፤ ባዶ ቦታ ላይ አትፈርሙ። ሁለተኛ፣ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካለ አበዳሪው ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ እናንተን መክሰስ ይችላል ማለት ነው።

ልጆች ደግሞ በእናታቸው ስልክ እየተበደሩ ነው። ቴሌብር ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ብድር አምጥቷል፤ መጀመሪያ ከዳሽን ባንክ ጋር። ልጁ እንደ ካርድ መሙላት ያየዋል፤ የሚያበድረው ግን ባንክ ነው፤ ስሙም የእናቱ ነው። በቀኑ የከፈለ ሰው መጠኑ ያድግለታል፤ ያልከፈለ ይዘጋበታል። የሚስጥር ቁጥራችሁን ለልጅም ቢሆን አትስጡ።

«10 ዓመት ካለፈው ይሰረዛል» የሚሉም አሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ 10 ዓመት የሚል አለ፤ አበዳሪው በመካከል ከከሰሰ ወይም ተበዳሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ግን ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ደግሞስ ክስ ቢቀር ባንኩ ደግሞ ያበድራል እንዴ?

ከፍላችሁ የጨረሳችሁ፣ ከዕዳ ነጻ መሆናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ሳትይዙ ከአበዳሪው ቢሮ አትውጡ። መዝገቡ ላይ አሁንም ዕዳ አለባችሁ ከተባለ ያንን ይዛችሁ መጀመሪያ ያበደራችሁ ዘንድ ተመለሱ፤ መረጃውን የላከው እሱ ነውና እንዲያስተካክል በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቅጂውንም አስቀሩ።

ውል ማንበብ የሚከብደው ሰው ካለ ከመፈረሙ በፊት ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ጽሕፈት ቤት ይምጣ፤ አብረን እናነባለን። አሁን ስለ ፍሳሹ ቦይ ምክትል ሰብሳቢው ይቀጥሉ።