የስኳር በሽታና ጥቃቅኑ የደም ሥሮች



ኢንሱሊን በቶሮንቶ ከተማ በ1921 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት እንዲሁ ናቸው) ከመገኘቱ በፊት በስኳር በሽታ የተያዘ ሕፃን ዕድሜው በወራት፣ ቢበዛም በጥቂት ዓመታት ይቆጠር ነበር። መድኃኒቱ ዕድሜን አረዘመ፤ ዕድሜ ሲረዝም ደግሞ ቀድሞ ለመታየት ጊዜ ያላገኘው የጥቃቅን ደም ሥሮች ጉዳት ብቅ አለ።

የጉዳቱ አካሄድ እንዲህ ነው። ለረጅም ጊዜ ከልክ ያለፈው የደም ስኳር የሥሩን የውስጥ ሽፋን ያውካል፤ መሠረቱም ይወፍራል። በዓይን ውስጥ ሥሩን ከውጭ ደግፈው የያዙት ፔሪሳይት የተባሉት ሕዋሳት ይሞታሉ። ግድግዳው የሳሳው ሥር እንደ አሮጌ አቁማዳ ያብጣል፣ ያንጠባጥባል፤ ሌላውም ይደፈናል። ደም የተነፈገው ሬቲና አዲስ ሥር ያስበቅላል፤ ይኸው አዲሱ ሥር ግን ደካማ በመሆኑ ደም ያፈሳል፤ ሬቲናውንም ስቦ እስከ መንቀል ይደርሳል። አሳሳቢው ነገር ጉዳቱ ሲገፋ ሕመምተኛው አጥርቶ ማየቱን ሊቀጥል መቻሉ ነው። «ዓይኔ ፈዘዘ» ብሎ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሐኪም ብዙውን ጊዜ ዘግይቷል። ሌዘር የቀረውን ብርሃን ያቆያል እንጂ የጠፋውን እምብዛም አይመልስም።

በ1993 የታተመውና 1,441 የአንደኛው ዓይነት ሕሙማን የተካፈሉበት የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ የደም ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር ገና ጉዳት ባልጀመራቸው ዘንድ የዓይን ጉዳትን አደጋ በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ይሁን እንጂ ዋጋ ነበረው፤ ከባድ የስኳር ማነስ በሦስት እጥፍ ገደማ ጨመረ። ስለሆነም የምግብ ሰዓቱ ባልተረጋገጠ ሕመምተኛ ላይ ያንኑ ጥብቅ ደንብ መጫን ሕክምና ሳይሆን ድፍረት ነው።

የኩላሊት ጉዳት በሽንት ውስጥ በሚታይ ጥቂት አልቡሚን ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የደም ግፊትን ማውረድ ከስኳሩ ቁጥጥር አያንስም። ካፕቶፕሪል በ1993፣ ካናግሊፍሎዚንም በ2019 የኩላሊትን ድካም እንደሚያዘገዩ ተረጋግጧል።

የነርቭ ጉዳት ግን ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። እግርን ለመመርመር 10 ግራም የሚጫን የናይለን ክርና በሴኮንድ 128 ጊዜ የሚነዝር ሹካ ይበቃሉ። የሚያስቸግረው፣ ወረፋ በበዛበት ክፍል ሕመምተኛው ጫማውን እንዲያወልቅ መጠየቁ ነው።