ጉልበቴን የት ጻፍከው?



ዛሬ የምንነጋገረው ቀን እየሠሩ ማታ ንግድ ስለሚማሩ ሰዎች ነው። በ1935 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኋላ ኮሌጅ ሆነ፤ አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ነው። በማታው ትምህርት ብዙ ሠራተኞች ተምረውበታል። አሁን እንዲህ ያለ ትምህርት በብዙ ቦታ ይሰጣል። ለክረምቱ ፊደል ላስቆጥር የመጣሁት እኔም የማታ ተማሪ ነኝ።

የማታ ተማሪ ሁለት አስተማሪ አለው፤ አንዱ መምህሩ፣ ሁለተኛው ቀን የሚውልበት ሥራ። ስለዚህ መምህራችን፣ «ከምታውቁት ሥራ ተነሡ። ማን ይገዛል? ምን ይወጣል? ምን ይተርፋል? ጽፋችሁ አምጡ» ይሉናል። ያመጣነውን በክፍል እናነባለን፤ ጓደኞቻችን ጉድለቱን ያወጡታል። ኪስ ከሚከስር ወረቀት ቢከስር ይሻላላ!

እኔ የእናቴን ሥራ ጻፍኩ። እናቴ እዚሁ ዱከም ለፋብሪካ ሠራተኞችና ለመንገደኞች እንጀራ ትሸጣለች። ገበያዋ ደርቶ ሳለ እጇ ላይ ግን ገንዘብ አይገኝም ነበር። ነገሩ እንዲገባን በትንንሽ ቁጥር እናስላው። ለጤፍ 60 ብር፣ ለማገዶ 25 ብር፣ ለወፍጮ 5 ብር ብታወጣ፣ ጠቅላላው 90 ብር ነው። እንጀራው 100 ብር ቢሸጥ 10 ብር ይተርፋል።

ደስ ብሎኝ አነበብኩላት። እሷ ግን፣ «አንተ ልጅ፣ ጉልበቴን የት ጻፍከው? ከሌሊት ጀምሬ ጭስ ውስጥ የምቆመውስ?» አለችኝ። አፈርኩ። ለጉልበቷ 15 ብር ብንይዝላት፣ ለካ 5 ብር ትከስራለች። ቤት የሚበላውም እንጀራ አልተቆጠረም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ አስገባች፤ የቤቱን እንጀራ ከገበያው ለየች። ፊደል የቆጠረችው በቅርቡ ነው፤ አሁን ደብተሩን የምትይዘው ራሷ ናት።

ይህ ነገር ለእንጀራ ሻጭ ብቻ አይደለም። በዱከም አካባቢ መሬታቸው ለፋብሪካ ሄዶ የካሳ ብር የተቀበሉ ገበሬዎች አሉ። መሬት በየዓመቱ ያበቅላል፤ የካሳ ብር ግን አንዴ ከወጣ አያበቅልም። ወፍጮ ልትከል፣ ከብት ላደልብ የሚል ሰው ብሩን ከማውጣቱ በፊት ሥራውን በወረቀት ይሞክረው፤ ለጎረቤቱም ያንብብለት።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ደብተራችሁን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ ወገን የገባውን፣ በሌላው የወጣውን ጻፉ። ጉልበታችሁንም አትርሱ። ነገ አብረን እናነበዋለን።