አስታማሚ ነርስን አትተካም
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከደባርቅ፣ ከዳባት ወይም ከጃናሞራ ወደ ጎንደር ሪፈር የሚጻፍለት ሕመምተኛ ብቻውን አይመጣም። እናቱ፣ ሚስቱ ወይም እህቱ ተከትላው ትመጣለች። ገላውን የምታጥበው፣ የምታጎርሰው፣ ሽንት ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። ማስታመም ወጋችን ነው፤ እንኮራበታለን። ነርስ ባነሰበት ክፍል ግን ወጉ ሸክም ይሆናል።

አንዲት ነርስ ብዙ አልጋ ሲሰጣት መድኃኒቱን አድላ፣ መርፌውን ወግታ፣ ካርዱን ሞልታ ጊዜው ያልቅባታል። የሚቀረው ቀላል የሚመስለው ሥራ ነው፤ ማጠብ፣ ውኃ ማጠጣት፣ ማገላበጥ። መንቀሳቀስ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ ጀርባውና ዳሌው ይቆስላል። ቁስሉ ካመረቀዘም ሊገድል ይችላል። ታዲያ አስታማሚ የሌለው ማን ያገላብጠው?

ነርሶቹን አንወቅስም፤ የእኛው ልጆች ናቸው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአገሪቱ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን።

የገጠሯ እህታችን በአጨዳ ወቅት ቤቷን ትታ ሆስፒታል ስትከርም ሰብሉ ማሳ ላይ ይቀራል፤ ልጆቿም ጎረቤት ላይ ይወድቃሉ። ድካሟ ግን በማንም መዝገብ አይሰፍርም። ስለዚህም የነርስ እጥረቱ በእሷ ጉልበት ተሸፍኖ ይቀራል።

ጎንደር ለባለሙያ እጥረት መልስ ሰጥታ ታውቃለች። በደምቢያ ወባ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እዚሁ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒተሪያን እዚህ ሠልጥነው በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ተላኩ። ዛሬም ጉድለቱ የሚሞላው ባለሙያ ሠልጥኖ ሲመደብና በቦታው እንዲቆይ ሲደረግ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ወገን የሌለውን ሕመምተኛ በተራ እናስታም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሁለተኛ፣ ወሰናችንን እንወቅ። ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ እንችላለን። ጉሉኮስ መንቀል፣ ኦክስጅን መጨመርና መቀነስ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ሕመምተኛው ትንፋሽ ካጠረው፣ ከደማ ወይም ሲጠሩት ካልሰማ ሳናፍር ነርስ እንጥራ።

ሦስተኛ፣ ሕዝብ በሚጠራበት መድረክ ሁሉ «ሌሊት ስንት ነርስ ለስንት አልጋ ይመደባል?» ብለን እንጠይቅ።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ሳሙናና አንሶላ መስጠታችሁ አይረሳንም። አሁን የምንለምናችሁ ከገጠር ለመጣች አስታማሚ ማደሪያና ትኩስ ምግብ ነው። የነርስ ቅጥርን ግን ከእናንተ ጋር ሆነን ከመንግሥት እንጠይቃለን።