ንጉሠ ነገሥቱ፣ ኤሊንግተንና የመርካቶው ልጅ

አቅራቢ፦ በኅዳር ወር 1966 ዓ.ም.፣ አሜሪካዊው የጃዝ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን ከነጓዶቹ አዲስ አበባ መጥቶ ጥበቡን በገለጠ ጊዜ፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን ሲሸልሙት የተነሣውን ፎቶግራፍ የማያውቅ የሙዚቃ አፍቃሪ ጥቂት ነው።

አቅራቢት፦ እኔስ፣ ወንድሜ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ከኤሊንግተን ጋር የተነሣውን አስበልጣለሁ፤ በለንደንና በቦስተን ተምሮ፣ የአገሩን ቅኝት ከጃዝ ጋር ያዋሐደው ወጣት፣ ለታላቁ እንግዳ ኦርኬስትራ ድርሰት እስከ ማዘጋጀት ደርሶ ነበርና።

አቅራቢ፦ እውነት ነው፤ ሆኖም ካሜራው ያልተናገረውም አለ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኀብ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ገልጦት ነበር። ኤሊንግተን በግንቦት 1966 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ሸላሚው ንጉሠ ነገሥትም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ።

አቅራቢት፦ መርካቶስ በሥዕሉ ውስጥ ወዴት አለች? እዚያው ተወልዶ፣ ጫማ እየጠረገ አድጎ፣ በአሪዞና ክለብ በተላላኪነት ሲያገለግል፣ ዘፋኞቹ በቀሩበት ምሽት የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞችን አስፈቅዶ የዘፈነው ማሕሙድ አሕመድ አይደለምን? በእኔ ፍርድ፣ ከቤተ መንግሥቱ ሽልማት ይልቅ ፎቶግራፍ የሚገባው ያ ምሽት ነበር።

አቅራቢ፦ ፍርድዎን እቀበላለሁ። እናንተም አድማጮቻችን፣ በሣጥናችሁ ያኖራችሁት የመድረክ ፎቶግራፍ ቢኖር፣ የሰዎቹን ስምና ዘመኑን በጀርባው ጻፉበት።