አክሲዮን ከመግዛት በፊት የሂሳብ መግለጫን መመርመር
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት የቀረበ ንግግር)




አርሶ አደር የእርሻ በሬ ሲገዛ በመልኩ ብቻ አይወስንም። ጥርሱን ያያል፣ ሰኮናውን ይመረምራል፣ ቢቻል ጠምዶ ይሞክረዋል። ማኅበር የባንክ ወይም የፋብሪካ አክሲዮን ሲገዛ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ያለፈው ዓመት የትርፍ ክፍፍል ብቻ ነው። ገንዘቡ የአባላት ላብ ስለሆነ ምርመራው ከበሬው ማነስ የለበትም።

በመጀመሪያ የሚነበበው የውጭ ኦዲተሩ አስተያየት ነው። ኦዲተሩ «ከዚህ በስተቀር» ያለው ነገር ካለ ምክንያቱ ይጠየቃል።

ቀጥሎ የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ይታያል። ትርፉ የተገኘው ከመደበኛ ሥራ ነው ወይስ ሕንፃ ተሸጦ? ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰውስ ስንት ነው? ለምሳሌ 20,000 አክሲዮን ያለው ድርጅት 4,000,000 ብር ቢያተርፍ ለአንዱ አክሲዮን 200 ብር ይደርሳል። በቀጣዩ ዓመት ትርፉ 5,000,000 ብር ሆኖ አክሲዮኑ 40,000 ቢደርስ ድርሻው 125 ብር ይሆናል። ድርጅቱ አደገ ሲባል የባለአክሲዮኑ ድርሻ ቀንሷል ማለት ነው።

ሦስተኛው የሀብትና ዕዳ መግለጫ ነው። የንግድ ድርጅት ከሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ገንዘብ የሚለወጠው ሀብት በዚያው ዓመት የሚከፈለውን ዕዳ መሸፈኑ ይጣራል። ባንክ ከሆነ የተበላሸ ብድር መጠንና ለዚሁ የተያዘው መጠባበቂያ ይታያል።

በመጨረሻም የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱ ይመረመራል። በዱቤ የተሸጠ ዕቃ በመዝገብ ትርፍ ያሳያል፤ ገንዘቡ ካልተሰበሰበ ግን ደመወዝም ሆነ የትርፍ ክፍፍል አይከፈልበትም። የአንድ ዓመት መግለጫ ስለማይበቃ የሦስት ወይም የአምስት ዓመት ጎን ለጎን ይነጻጸራል።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ተመርቋል። ሆኖም በገበያው ያልተመዘገበን አክሲዮን በተፈለገ ጊዜ ሸጦ ገንዘቡን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ለእህል መግዣ የተያዘ ገንዘብ በአክሲዮን ላይ ቢውል፣ ምርት በሚሰበሰብበት ወቅት ማኅበሩ ባዶ እጁን ይቀራል። ያን ጊዜ አባሉ ምርቱን ነጋዴው በቆረጠለት ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። ኪሳራው በማኅበሩ መዝገብ ላይ ባይጻፍም በአባሉ ጎተራ ይታያል።

ስለዚህ የግዢ ሐሳብ ሲቀርብ ሥራ አመራር ኮሚቴው መግለጫዎቹን በባለሙያ አስመርምሮ፣ የቁጥጥር ኮሚቴውም አይቶት፣ ውጤቱ ለጠቅላላ ጉባኤው በግልጽ ቋንቋ ሊብራራ ይገባል። ያልገባውን የጠየቀ አባል ሥራ አደናቃፊ አይደለም፤ የማኅበሩ ጠባቂ ነው።

መልካም በዓል!