የቤታችን ዋይፋይ ለምን ይቋረጥ ነበር?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ እንድናገር በተፈቀደልኝ ጊዜ ስለ ሥልጣኔ ወይም ስለ ትምህርት ጥቅም መናገር ይቻለኝ ነበር። ነገር ግን በነዚህ ጉዳዮች ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ብዙዎች ስለ ሆኑ፤ በእጄ ስለ ዳሰስሁት አንድ ትንሽ ነገር ብናገር ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ይኸውም በዓለም ባንክ ሰፈር በሚገኘው ቤታችን የተቀመጠው ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ከዋይፋይ ጋር ያለው ግንኙነት እየተቆራረጠ ስላስቸገረን፤ ምክንያቱም እንዴት እንደ ተገኘ ነው። ይህ ችግር በቤቱ ያልደረሰበት ሰው ካለ እጁን ያውጣ ብል ብዙ እጅ የማይ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እኅቴ በሒሳብ አያያዝ ትምህርት ተመርቃ ሁለት ዓመት ያህል ሥራ አጥታ ቆየች። በመጨረሻ በውጭ አገር ያለ አንድ ቀጣሪ የሒሳብ መዝገቡን በኢንተርኔት አማካይነት እንድትይዝለት ለሦስት ወር ሙከራ ተቀበላት። እናቴም የእቁብ ዕጣዋ ሲወጣ ከመርካቶ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዛችላትና ከግቢያችን በስተኋላ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ተተከለ። ራውተሩ ያለው ግን በዋናው ቤት ሳሎን ውስጥ ነው።

ቀጣሪዋ በየምሽቱ 2 ሰዓት ከሠራተኞቹ ጋር በምስል ይነጋገራል። እኅቴ በአንድ ምሽት ስብሰባ ሦስት ጊዜ ጠፍታ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። በማግሥቱ፤ ግንኙነትሽን በሁለት ሳምንት ውስጥ ካላስተካከልሽ ሙከራው እዚህ ላይ ያበቃል የሚል ደብዳቤ ደረሳት። ደብዳቤውን ለእናቴ አላሳየቻትም፤ ለእኔ ግን አሳየችኝ።

አባቴ ወዲያው ጥፋተኛውን አገኘ። የ13 ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ በስልኩ የኳስ ጨዋታ ስለሚጫወት፤ «ኢንተርኔቱን የሚጨርሰው ይህ ልጅ ነው» አለ። እኔም ስጠየቅ፤ አዎን፤ ትናንት ማታም ሲጫወት አይቼዋለሁ ብዬ መሰከርሁ። ስልኩ ተወስዶ በአባቴ ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት። በዚያው ምሽት ግንኙነቱ እንደ ልማዱ ተቋረጠ። ይሁን እንጂ ስልኩ ይመለስለት ያለ ማንም አልነበረም፤ እኔም ዝም አልሁ።

የሠራሁትን ከመናገሬ በፊት ዋይፋይ ምን እንደ ሆነ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። ዋይፋይ ሬዲዮ ነው። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ሔርትዝ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በክፍሉ ውስጥ ያሳየው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ ከአቃቂ ጣቢያ የኢትዮጵያን ድምፅ ወደ ውጭው ዓለም ያደረሰው ያው የማይታይ ሞገድ ነው። ልዩነቱ በርዝመቱ ነው። ወደ ሩቅ አገር የሚላከው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ፤ ስሙ አጭር ይባል እንጂ፤ አንዱ ሞገድ ከ10 ሜትር በላይ ይረዝማል። በብዙ ቤቶች የሚሠራበት ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ግን ሞገዱ 12 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ኃይሉም እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ የብሎኬት ግድግዳ ያደክመዋል፤ ቆርቆሮና የብረት በር መልሶ ይወረውረዋል፤ ውሃ የሞላበት ሮቶ ይውጠዋል። የማይክሮዌቭ ምድጃም ምግብ የሚያሞቀው በዚሁ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ በሆነ ሞገድ ስለ ሆነ፤ በአጠገቡ ያለ ዋይፋይ ምድጃው በሚሠራበት ጊዜ ቢታወክ አያስደንቅም።

እንግዲህ «ኢንተርኔቱ ጠፋ» የምንለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ በሽታዎችን ይሸፍናል። ከኮምፒዩተሩ እስከ ራውተሩ ያለው የአየር መንገድ ሊታመም ይችላል፤ ራውተሩ ራሱ ሊታመም ይችላል፤ ወይም ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚሄደው መሥመር ሊታመም ይችላል። ሐኪም የራስ ምታትንና የሆድ ቁርጠትን በአንድ ክኒን እንደማያክም ሁሉ፤ እኛም የታመመው የትኛው እንደ ሆነ ሳንለይ ራውተሩን ማጥፋትና ማብራት ድካም ብቻ ነው። (በእኛ ቤት ይህ ሥራ የእናቴ ነበር። በቀን ስንት ጊዜ ትነቅለውና ትሰካው እንደ ነበር አልቆጠርሁም።)

የሚለየው መንገድ ቀላልና ያለ ገንዘብ የሚገኝ ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ የትእዛዝ መጻፊያ የሆነውን ጥቁር መስኮት ሁለት ጊዜ መክፈት ነው። በአንደኛው ፒንግ የሚለውን ትእዛዝ ከራውተሩ አድራሻ ጋር መጻፍ፤ በሁለተኛው ያንኑ ትእዛዝ በውጭ ካለ አንድ አድራሻ፤ ለምሳሌ 8.8.8.8 ከሚለው ጋር መጻፍ ነው። የራውተሩ አድራሻ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ ካልሆነም አይፒኮንፊግ የሚለው ትእዛዝ ዲፎልት ጌትዌይ በሚለው መሥመር ላይ ያሳያል። ፒንግ ማለት «አለህ ወይ?» ብሎ እንደ መጥራት ነው፤ ያኛው «አለሁ» ይላል። ከአድራሻው በኋላ ጭረትና ቲ የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ብንጨምር ጥሪው ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ራውተሩ እየመለሰ ውጪው ዝም ካለ፤ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነውና ለአገልግሎት ሰጪው መደወል ይገባል። ራውተሩ ራሱ ዝም ካለ ግን ችግሩ በቤታችን ውስጥ ነው፤ ለማንም ብንደውል አይጠቅመንም።

እኔም ደብተር ይዤ ለ9 ቀን በእኅቴ ክፍል ተቀመጥሁ። ሲቋረጥ ሰዓቱን፤ የትኛው መስኮት ዝም እንዳለ፤ የራውተሩ መብራት እንዴት እንደ ሆነ፤ በቤት ውስጥም ምን እንደሚሠራ እጽፍ ነበር። በጠቅላላው 31 ጊዜ ተቋረጠ።

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ምክንያቱን ያገኘሁት መስሎኝ እጅግ ደስ አለኝ። እናቴ ረቡዕና ቅዳሜ እንጀራ ትጋግራለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ኃይል ይወስዳል፤ ምጣዱ ሲሰካ በቤታችን አምፖሉ ይፈዛል፤ ራውተሩም ኃይል ሲያንሰው ጠፍቶ እንደ ገና ይነሣል። ይህን አይቼ ለአባቴ «ምጣዱ ነው» ብዬ በኩራት ነገርሁት። ደብተሩ ግን አሳፈረኝ። ከ31 መቋረጥ በምጣዱ ጊዜ የሆነው 4 ብቻ ነው። 2 ጊዜ ደግሞ የጠፋው የውጭው መሥመር ነው። የቀሩት 25 በማናቸውም ቀን የሚሆኑ ነበሩ፤ የራውተሩ መብራት ሳይጠፋ፤ ሁለቱም መስኮቶች አንድ ላይ ዝም እያሉ።

ወንድሜ ስልኩን ካጣ ከሳምንት በላይ ሆኖታል፤ መቋረጡ ግን አልቀነሰም። ይህንም በደብተሩ ላይ አየሁት።

ከዚህ በኋላ ሁለት ፈተና አደረግሁ። አንደኛው የእኔን ስልክ በኮምፒዩተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መመልከት ነው። ኮምፒዩተሩ ሲቋረጥ ስልኩ አይቋረጥም። ስለዚህ ሞገዱ እስከ ክፍሉ ይደርሳል ማለት ነው። ሁለተኛው ገመድ ነው። ሰፈራችን ስሙ ዓለም ባንክ ይሁን እንጂ የሚያበድር ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም በአየር ጤና መንገድ ኮምፒዩተር የሚጠግን አንድ ሰው 20 ሜትር የኔትወርክ ገመድ ለአንድ ሌሊት አዋሰኝ። ገመዱን በሳሎኑ መስኮት አውጥተን፤ በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ አሻግረን ከኮምፒዩተሩ ጋር ስናገናኘው በዚያ ምሽት አንድ ጊዜ እንኳ አልተቋረጠም። ራውተሩም ኮምፒዩተሩም ጤነኞች ናቸው፤ ሕመሙ ኮምፒዩተሩ ዋይፋይ በሚቀበልበት ቦታ ነው።

ቀጥዬም አንድ በአንድ መለወጥ ጀመርሁ። ሁሉን በአንድ ቀን ብለውጥ የትኛው እንደ ጠቀመ አላውቅም ነበርና። በመጀመሪያ በስልኬ የጎረቤቶቻችንን ዋይፋይ ተመለከትሁ፤ 14 ነበሩ፤ አብዛኞቹም ከእኛው ጋር በ6ኛው ቻናል ተጨናንቀዋል። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት ቻናሎች 1፤ 6 እና 11 ስለ ሆኑ የእኛን ወደ 11 አዛወርሁት። ፍጥነቱ ጥቂት ተሻለ፤ መቋረጡ ግን ቀጠለ። በሚቀጥለው ቀን ኮምፒዩተሩ ኃይል ለመቆጠብ ሲል የዋይፋይ መቀበያውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ አነሣሁ። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ሥራ ፈትቶ ሲቆይ የሚሆነው መቋረጥ ቀረ። የምሽት 2 ሰዓቱ ግን አልቀረም። ከሁለቱ ሳምንት የቀረው 3 ቀን ነበር፤ እኅቴም ከእኔ ጋር መነጋገር አቁማለች።

በዚያን ምሽት ታናሽ ወንድሜ ስልክ ስለሌለው የሚሠራው አጥቶ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። «የሚጠፋው እኮ ይህች ሰማያዊ መብራት ብልጭ ብልጭ ስትል ነው» አለ። እያሾፈ መስሎኝ ዝም በል ልለው ነበር። ጎንበስ ብዬ ባይ ግን እውነቱን ነው። መብራቱ የተቀያሪ ዲስኩ ነው። እኅቴ የመዝገቡ ቅጅ እንዳይጠፋ በየምሽቱ 2 ሰዓት ወደ ዲስኩ እንዲገለበጥ አዝዛ ኖሯል። ዲስኩ የተሰካው ከኮምፒዩተሩ በስተኋላ ውስጡ ሰማያዊ በሆነው በዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ነው፤ ከአውራ ጣት የማትበልጠው የዋይፋይ መቀበያም ከጎኑ ባለው ቀዳዳ ተሰክታለች።

ዲስኩን ነቀልነው፤ ሁለት ምሽት ምንም አልተቋረጠም። መልሰን ሰካነውና ቅጅውን አስጀመርነው፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተቋረጠ። ነቀልነው፤ ተመለሰ። ወንድሜ ሦስተኛ ጊዜ እንሞክረው ብሎ ለምኖኝ ሞከርነው፤ አሁንም ተቋረጠ።

ምክንያቱን ኋላ አንብቤ አገኘሁት። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፤ የዩኤስቢ 3 ዕቃና ገመዱ ሲሠሩ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ይረጫሉ። በአጠገባቸው ያለች ደካማ መቀበያ በገበያ መካከል ሹክሹክታ ለመስማት እንደሚደክም ሰው ትሆናለች። የእኛዋ ደግሞ በብረቱ የኮምፒዩተር ሣጥንና በግድግዳው መካከል ተቀብራ ነበር። በስልኬ ስለካ ከሣጥኑ በስተኋላ የሞገዱ ኃይል ከዜሮ በታች 78 ዲቢኤም፤ በጠረጴዛው ላይ ከዜሮ በታች 55 ነበር። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ኃይሉ ይበረታል። የ23 ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሒሳቡ በዐሥር ብዜት ስለሚሄድ 200 ጊዜ ያህል ማለት ነው።

መድኃኒቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ነበር፤ ዋጋውም ከአንድ ሰው ምሳ አይበልጥም። መቀበያዋን ከሣጥኑ ጀርባ አውጥተን በጠረጴዛው ላይ ወደ ሳሎኑ በኩል አቆምናት፤ ዲስኩንም በፊት ለፊት ወዳለው ጥቁር የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ አዛወርነው፤ መገልበጡ ቢዘገይም ጫጫታ የለውም። ባለ 5 ጊጋኸርዝ መቀበያ ያለው ሰው ከዚህ ጫጫታ ይድናል፤ ሆኖም ያ ሞገድ በግድግዳ ይበልጥ ስለሚደክም ራውተሩ በቅርብ ላለለት ነው የምመክረው። ከቦታው ለማይነቃነቅ ኮምፒዩተር ከሁሉ የሚሻለው ገመድ ነው፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል። እኛም ክረምቱ ሲወጣ ግቢውን አቋርጠን ልንዘረጋ አስበናል፤ አባቴ ግድግዳው ይበሳ ዘንድ እስካሁን አልፈቀደም።

በማግሥቱ ደብተሩን ለአባቴ አሳየሁትና የመሰከርሁት ስሕተት እንደ ሆነ ነገርሁት። መነጽሩን አድርጎ 31ዱን መሥመር አንድ በአንድ አነበበ። ከዚያም ተነሥቶ ሣጥኑን ከፈተና ስልኩን ምንም ሳይናገር ለወንድሜ ሰጠው። ወንድሜን ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ እርሱም እሺ ካለ በኋላ ዋጋ ጠየቀኝ፤ ለአንድ ሳምንት ውሃ የመቅዳት ተራውን ወሰድሁለት።

እኅቴ ሙከራዋን ጨርሳ በሥራው ላይ ትገኛለች። የምጣዱ ነገር ግን እስካሁን መፍትሔ አላገኘም። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ በገበያ እንዳለ አውቃለሁ፤ እስክንገዛው ድረስ እናቴ ረቡዕና ቅዳሜ እኅቴ ሥራ ከመጀመሯ በፊት በማለዳ ትጋግራለች።