ለጠባብ ሳሎን የሚሆን ሌንስ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ የምንሰጥበት አንድ ጉዳይ አለ። ፎቶ በማንሳት ለምንተዳደር አምስት አባላት ከተዘዋዋሪው ገንዘብ በጋራ የምንገለገልበት አንድ ሌንስ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚል ነው። ገንዘቡ የሁላችን ነው። እንጀራ ጋግራ ከምታቀርበውም፣ ጉሊት ከምትውለውም እህታችን በየወሩ የተዋጣ ነው። ስለዚህ ካሜራ ይዛችሁ የማታውቁትም የምትወስኑበትን ነገር ልታውቁት ይገባል ብዬ ነው ዛሬ የቆምኩት።

መጀመሪያ ችግሩን ልንገራችሁ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ጎረቤቴ የልጇ ክርስትና ዕለት ፎቶ እንዳነሳ ጠራችኝ። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው አለ፣ ቡፌው አለ፣ ረከቦቱ አለ፤ ሰዉም ከሃያ አያንስም። ቤተሰቡን አንድ ላይ ላነሳ ወደ ኋላ ስሸሽ ጀርባዬ በሩን ነካ። በሩን ከፍቼ ኮሪደሩ ላይ ብቆም ደግሞ የበሩ መቃን ፎቶው ውስጥ ገባ። እንደምንም “ጠጋ ጠጋ በሉ” እያልኩ አነሳሁ። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ለዚያ ቀን ብለው ከገጠር የመጡት የሕፃኑ አያት የታየው ግማሽ ትከሻቸው ብቻ ነው። ጎረቤቴ አልተቆጣችም። “እማዬስ?” ብቻ አለችኝ። የሠራሁበትን ለመቀበል እጄ አልዘረጋ አለኝ።

እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው በሌንሱ ምክንያት ነው። ከብዙዎቻችን ካሜራ ጋር የሚመጣው ሌንስ ላይ 18-55 የሚል ቁጥር አለ፤ ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ የሚያየው ስፋት ይጨምራል። ቤታችሁ ሆናችሁ ልታሰሉት ትችላላችሁ። በእናንተና በምታነሱት ሰው መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ያዙ፣ በ22 አባዙት፣ ከዚያ ለሌንሱ ቁጥር አካፍሉት። 22 የሚባለው በእኛ ዓይነት ካሜራ ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። ለምሳሌ 3 ሜትር ርቃችሁ ብትቆሙ በ18 የምትይዙት ስፋት 3 ሜትር ከ67 ሴንቲ ገደማ ነው። በ10 ግን 6 ሜትር ከ60 ይሆናል። አያትየው የቀሩት በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሻጭ “ይሄ ዋይድ ነው” ብሎ 17-40 የሚል ሌንስ ሊያሳያችሁ ይችላል። ዋጋውም ከበድ ይላል። ውሸቱን አይደለም፤ ትልቅ ሴንሰር ላለው ካሜራ በእውነትም ሰፊ ነው። በእኛ ካሜራ ላይ ግን 17 ማለት ካለን 18 እምብዛም አይለይም። ብዙ ከፍለን እዚያው በሩ ጋ ተጣብቀን እንቀራለን። እኛ የምንፈልገው በ10 ወይም በ11 የሚጀምር ነው።

ሁለት ዓይነት አማራጭ አለ። አንደኛው ካኖን በ2014 ያወጣው 10-18 ነው። ክብደቱ 240 ግራም ብቻ ነው፤ በዓይነቱ ካሉት ሌንሶች ከርካሾቹ የሚመደብ ሲሆን የእጅን መንቀጥቀጥ የሚቀንስ ማረጋጊያም አለው። ድክመቱ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ ጠባብ መሆኑ ነው፤ ሲከፈት ኤፍ 4.5 ነው፣ ወደ 18 ሲሄድ 5.6 ይሆናል። ሁለተኛው የቶኪና 11-16 ነው። ይህ ኤፍ 2.8 ስለሆነ ከመጀመሪያው ሁለት ዕጥፍ ተኩል ያህል ብርሃን ያስገባል። ነገር ግን ይከብዳል፣ ማረጋጊያም የለውም።

“ቤት ውስጥ ብርሃን የለም፤ እንግዲያው 2.8 ይሻላል” የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወይም ፍላሽ በማይፈቀድበት ቦታ ለምትሠራ ሰው አሁንም እውነት ነው። የእኛ ሥራ ግን በአብዛኛው ክርስትና፣ ልደትና መልስ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ነው። ሳሎን ውስጥ ፍላሹን ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ነጩ ኮርኒስ ብታዞሩት ብርሃኑ ከላይ ተበትኖ ይወርዳል፤ ፊትም አያብረቀርቅም። ማረጋጊያውም ቢሆን የሚያረጋጋው የእኛን እጅ እንጂ የሚሯሯጠውን ልጅ አይደለም። ልጁን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የፍላሹ ብርሃን ነው። ስለዚህ ርካሹን ሌንስ ገዝተን በሚተርፈው ገንዘብ ጭንቅላቱ የሚዞር ፍላሽ ብንጨምር ይሻላል ባይ ነኝ።

ሌላው ችግር ይህ ነው። ከአምስታችን አራታችን ካኖን ነው ያለን፤ አንዷ እህታችን ግን ኒኮን ዲ3100 ነው የያዘችው። የካኖን ሌንስ ኒኮን ላይ አይገጥምም። ኒኮንም ርካሽ 10-20 አለው፤ ግን ኤኤፍ-ፒ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ እንደ እርሷ ባለ የቆየ ካሜራ ላይ ቢገጥምም ፎከስ ማድረግ አይችልም። እርሷም እንደ እኛው መዋጮዋን ከፍላለች። ስለዚህ እርሷ ሥራ ስታገኝ እኔ ሥራ ከሌለኝ ሌንሱን ከነካሜራዬ ትውሰድ። ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

ያገለገለ ሌንስ ካገኘን ደግሞ ገንዘብ ያዢያችን ብቻዋን አትሂድ። የራሳችንን ካሜራ ይዘን እንሂድና እዚያው እንግጠመው። መስታወቱን ወደ ብርሃን አዙረን እንየው፤ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ይቅርብን። ዙሙን እናዙረው፤ መንከርከክ የለበትም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ቀጥ ብለን እናንሳና አራቱን ማዕዘን እናስተያይ፤ አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ያውቃል ማለት ሊሆን ይችላል።

ሌንሱ ሲገዛም አጠቃቀሙን እንማማር። ሰፊ ሌንስ ዳር የቆመን ሰው ይለጥጠዋል፤ ፊትና ክንድ ያሰፋል። ስለዚህ አዛውንቶችን መሃል አስቀምጡ፤ ዳርና ዳር መጋረጃው ወይም ግድግዳው ይሁን። ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካዘነበለ ግድግዳው ይጋደላል። በ14 ሁሉም ሰው ከገባ ወደ 10 አትውረዱ።

ያቺ ጎረቤቴ ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ልጇን ክርስትና ስታስነሳ እንደገና ጠራችኝ። አላመንኩም። ከአንድ የሙያ ባልደረባዬ 10-18 ተውሼ ሄድኩ። አያትየው ዘንድሮም መጥተው ነበር። ማንንም ሳልደረድር በፊት እጃቸውን ይዤ ሶፋው መሃል ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ሌላው ሰው በእርሳቸው ዙሪያ ቆመ። እኔም በሩን አልነካሁትም።

የተዋስኩትን ሌንስ በማግስቱ መለስኩ። አሁን የምጠይቃችሁ የራሳችን እንዲኖረን ነው። ገንዘቡ እንዲመለስም አምስታችን ሌንሱን ከተጠቀምንበት ከእያንዳንዱ ሥራ ተቆራጭ እናስገባለን፤ መጠኑን እናንተ ወስኑ። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ዛሬ ማታ ሳሎናችሁን በእርምጃ ለኩት፤ ከዚያ በ22 አባዙና ለ18 አካፍሉት። ከቤተሰባችሁ ማን ከፎቶው እንደሚቀር ታዩታላችሁ።